ውሃ የሚስብ ቫኪዩም ሲገዛ ከዋቱ በፊት የሚታየው

አዳማ ላይ ቀን ውሃ ሲጠፋ ሳይዘጋ የተረሳ ቧንቧ፣ ሌሊት ውሃው ሲመለስ ሲንኩን ሞልቶ ሳሎን ይገባል። 4 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢተኛ 160 ሊትር ነው። አብዛኛው የቤት ቫኪዩም በአንድ ዙር ከ15 ሊትር በላይ አይዝም፤ ስለዚህ ብዙውን ውሃ በጎማ መጥረጊያ ወደ ሻወር ቤቱ ማፍሰሻ ግፉት። ቫኪዩሙ የሚያስፈልገው ለተረፈው፣ ሶፋ ስርና ማዕዘን ውስጥ ለቀረው ነው።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ዋቱ ነው። ዋት ግን ሞተሩ የሚበላውን መብራት እንጂ የመሳብ ጉልበቱን አይነግርም። ካርቶኑ ላይ የመሳብ ጉልበት መለኪያ የሆኑትን ሚሊባር ወይም ኪሎፓስካል ፈልጉ። 200 ሚሊባር 20 ኪሎፓስካል ነው፤ ውሃን ቀጥ አድርጎ 2 ሜትር ያህል የሚያነሳ ጉልበት ማለት ነው። 3 ሜትር የወረደ የጊቢ ገንዳ በዚህ አይመጠጥም፣ ለዚያ ፓምፕ ግዙ።

ቀጥሎ ክዳኑን አስከፍታችሁ ገልብጡት። ከሞተሩ ስር ያለችው ተንሳፋፊ ኳስ በጣት ስትገፋ ሳትይዝ መውጣትና መውረድ አለባት። በርሜሉ በውሃ ሲሞላ የአየሩን መንገድ የምትዘጋው እሷ ናት። በዚያች ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ ቀጥኖ ይጮኻል፣ መሳቡም ይቆማል፤ ወዲያው አጥፉ። ኳሷ ቀድማ ስለምትዘጋ 20 ሊትር የተባለው በርሜል 20 ሊትር ውሃ አይዝም። ከታች የማፍሰሻ ቡሽ ከሌለው ደግሞ ከ10 ኪሎ በላይ ቆሻሻ ውሃ ተሸክሞ መገልበጥ ነው። እኛ ጉልበቱ ትንሽ ያነሰ ቢሆንም ቡሽ ያለውን እንመርጣለን።

ነፋስና አቧራ ባለበት ከተማ ፊልተር ቀልድ አይደለም። የወረቀቱ ለደረቅ፣ ስፖንጁ ለውሃ ነው። ግድግዳ ተቦርቡሮ ቧንቧ ሲቀበር የሚወጣውን የሲሚንቶ ብናኝ ከሳባችሁ በኋላ በርሜሉን ሳታራግፉ ውሃ ካስገባችሁ፣ ብናኙ ጭቃ ሆኖ የወረቀቱን እጥፋት ይደፍነዋል፤ ሲደርቅም ድንጋይ ይሆናል። መለዋወጫ ፊልተሩ እዚሁ ከተማ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ለተዘጋ ሲንክ አሠራሩ እንዲህ ነው። የወረቀት ፊልተሩን አውጥታችሁ ስፖንጁን አልብሱ። ሲንኩ ላይ የቆመውን ውሃ መጀመሪያ ሳቡ። በሲንኩ ጎን ከላይ ያለችውን የትርፍ ውሃ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ፤ እሷ ክፍት ከሆነች ቫኪዩሙ የሚስበው ከክፍሉ አየር ነው፣ ጉልበቱ የዘጋው ቆሻሻ ላይ አይደርስም። ባለ ሁለት ጎድጓዳ ሲንክ ከሆነ የሌላኛውንም ማፍሰሻ ዝጉ። የቫኪዩሙን መሳቢያ ጎማ አፍ በሌላ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ማፍሰሻው ላይ ጫን አድርጉና ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ድገሙት። ሲፎኑ ላይ፣ ማለትም ከሲንኩ ስር ባለው የታጠፈ ቧንቧ ላይ፣ የተጠራቀመ ፀጉርና የምግብ ፍርፋሪ ይወጣል። የረጋ ቅባት ግን በዚህ ስለማይነቀል ባልዲ ከስር አድርጎ ሲፎኑን መፍታት ይሻላል። የቤቱ ማፍሰሻ ሁሉ ባንዴ ከዘገየ ችግሩ ሲፎኑ ጋ አይደለም፤ ዋናው መስመር ወይም ጉድጓዱ ነው።

ቫኪዩሙን ወደ መንፊያ ለውጦ የተዘጋ ቧንቧ ውስጥ መንፋት አደገኛ ነው፤ መገጣጠሚያውን ያላቅቃል፣ ቆሻሻውንም ፊት ላይ ይረጫል። ኬሚካል የፈሰሰበትን ማፍሰሻም አትሳቡ። አዲስ የተቀባ የፒቪሲ ማጣበቂያ ሽታው ሳይወጣ አጠገቡ አታስነሱት፤ ትነቱ ተቀጣጣይ ነው፣ የሞተሩ ካርቦን ብሩሽ ደግሞ ብልጭታ አለው።

የመሬት (ኤርዝ) ገመድ ያለው ሶኬት ተጠቀሙ። የኤክስቴንሽኑ ራስ ወለል ላይ አይተኛም፣ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ውሃው ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት ጋ ከደረሰ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፤ መብራት እስኪመለስ በመጥረጊያ ሥሩ።

ሥራው ሲያልቅ ንጹሕ ውሃ ሳቡበትና ድፉት፣ ከዚያ ባዶውን 2 ደቂቃ አስነሱት፤ ጎማው ውስጥ የቀረው ይደርቃል። ስፖንጁ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ፣ በርሜሉም ክዳኑ ሳይገጠም ይደር።