አዳማ ላይ 201 ሜትር እና አንድ ማዳበሪያ ሰጋቱራ

ከመጀመሬ በፊት ልንገራችሁ፣ እኔ ሬሰር ምናምን አይደለሁም። ያለችኝ አጎቴ በርካሽ የለቀቀልኝ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ቀለሟ ሶስት ቦታ ተለጥፎ ሶስት አይነት ነጭ የሆነ፣ ግን ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ የኋላ ጎማ ነው የሚገፋት እና ልጅ ሆኜ ጀምሮ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከሌላ መኪና ጎን አቁሜ እስከ መጨረሻው ልረግጣት ስመኝ ነው የኖርኩት። ቅዳሜ ማታ አዳማ ያለው ጓደኛዬ ደወለ። "ነገ ልጆቹ ሊሮጡ ነው፣ መንገዱ ተፈቅዶልናል፣ ትራፊክም አለ፣ ያቺን ነገርህን ይዘህ ና" አለኝ። እንቅልፍ የሚባል የለም በቃ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ ፈጣኑ መንገድ ገባሁ። በያንዳንዱ አቅጣጫ ሶስት ሶስት መስመር፣ ጣሪያው 120፣ ባጃጅ የለ አህያ የለ። ዲኤክሷ ግን 90 ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ስለሚጀምር እኔ በቀኙ መስመር ጥግ ይዤ ሚኒባስ ሁሉ እየቀደመኝ ነው የሄድኩት። ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ በጎን አለፉ። አዳማ ልትደርስ ስትል ነፋስ ተርባይኖቹ ብቅ ይላሉ፣ የአንደኛው ፕሮጀክት 34 የሁለተኛው 102 ናቸው፣ ባለፈው ልቆጥራቸው ብዬ ሰላሳ ምናምን ላይ መንገድ ልስት ነበር እና አሁን አልሞክርም። ያን ሁሉ ተርባይን እዚያ የተከሉት በከንቱ አይደለም፣ የመኪናዬን መስኮት ስከፍት ነፋሱ የያዝኩትን ሶፍት ነጥቆኝ ሄደ። ይሄ ነገር በኋላ ይመጣል።

አንድ የወደድኩት ነገር፣ ከአዲስ አበባ አዳማ ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት፣ እና ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሳሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ 1 ፐርሰንት አካባቢ ጉልበት ስለሚያጣ፣ ወደታች ስትመጡ የተወሰነው ይመለሳል። ዲኤክሷ ልክ ጉንፋን እንደለቀቃት ሰው መተንፈስ ጀመረች። ችግሩ ካርቡሬተሯ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅልላት ዕቃ) የተስተካከለው ለአዲስ አበባ ቀጭን አየር ነው፣ እዚህ አየሩ ሲወፍር ነዳጁ ያንሳታል፣ ስትረግጧት ትንሽ ታመነታለች። ይሄን የነገሩኝ አንድ መካኒክ ናቸው፣ እሳቸው ጋ እመጣለሁ።

ጓደኛዬን ፍራንኮ አካባቢ አገኘሁት፣ ጨጨብሳ በላን፣ በቅቤ የራሰ፣ ማር ያለበት፣ ከዛ በኋላ መሮጥ ሳይሆን መተኛት ነው የሚያምረው። ከከተማ ወጣ ብሎ ገና ለመኪና ያልተከፈተ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው ቦታው። አስራ ምናምን መኪና ተደርድሯል፣ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ አንድ ቮልስ፣ አንድ ላዳ፣ ሁለት ከታች እስከ ላይ የተነካኩ ሆንዳዎች። ከጎን አንድ አምቡላንስ፣ ሁለት ትልልቅ እሳት ማጥፊያ፣ ሁለት ትራፊክ ፖሊስ ዛፍ ጥላ ስር።

እና አንድ ሽማግሌ። ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። እድሜያቸውን ሙሉ ጋራዥ የሰሩ መካኒክ ናቸው፣ ቱታቸው የተተኮሰ ነው እመኑኝ፣ ቱታ የሚተኩስ መካኒክ አይቼ አላውቅም። ማንም ሰው በሳቸው እጅ ሳያልፍ መስመር ላይ አይቆምም። የኔ ተራ ሲደርስ ኮፈን ሳይከፍቱ መጀመሪያ እግሬን አዩት።

"ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?"

ሰንደል ነበር ያደረግኩት። ሙቀት ነው ብዬ ነዋ፣ ከነቁምጣዬ።

"ሞተር ቤት እሳት ቢነሳ በባዶ እግርህ ነው የምትወርደው? ሂድ ጫማና ሱሪ ፈልገህ ና።"

አልተቆጡም፣ ጭራሽ ፈገግ ብለው ነው ያሉኝ፣ ግን ፊታቸውን ወደ ቀጣዩ መኪና አዞሩ፣ አለቀ። ሱሪ ጓደኛዬ ሰጠኝ፣ ጫማ ደግሞ ውሃ ሊያደርስ የመጣ ባለ ባጃጅ ልጅ አዋሰኝ፣ እኔ 43 ነኝ እሱ 41፣ ሙሉ ቀን ጣቶቼን አጥፌ ነው የዋልኩት። ገለቶማ ብየዋለሁ አሁንም ገለቶማ።

ስመለስ መኪናዋን ፈተሹ። ባትሪዋን በእጃቸው ነቅነቅ አደረጉ፣ በላስቲክ ቁራጭ ነበር የታሰረችው፣ "ይሄ እቃ ነው እንጂ ማሰሪያ አይደለም" ብለው በብረትና በብሎን አሳሰሩኝ። የነዳጅ መስጫውን ሽቦ ጎተት ለቀቅ እያደረጉ ሞላው በደንብ ይመልሰው እንደሆነ አዩ፣ ሁለተኛ ሞላ ጨመሩበት፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ነዳጁን እንዲዘጋው። የጎማ ብሎኖችን አንድ በአንድ አጠበቁ። ከዛ ውስጥ ገብተው ከወንበር ስር ያለውን ሁሉ አውጣ አሉኝ እና ክሪክ ወጣ፣ ጃንጥላ ወጣ፣ የእህቴ ልጅ መጫወቻ ወጣ፣ መጨረሻ ላይ የሀይላንድ ጠርሙስ ወጣ። ጠርሙሱን ወስደው ፍሬን ፔዳሉ ስር አጋደሙትና "በል ርገጥ" አሉኝ። ረገጥኩ። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ምንም አላሉኝም፣ ጠርሙሱን እጄ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። ጠርሙሷ እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ስለ ደንቡ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም እኔም እዛ ነው የተማርኩት። ኦሪጅናሉ ድራግ ሩጫ፣ ማለት ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቀጥ ባለ መንገድ የሚሮጡት፣ ሩብ ማይል ነው፣ 402 ሜትር። ግማሹ፣ 201 ሜትር፣ ብዙ ቦታ ይሮጣል፣ እኛም እሱን ነው የሮጥነው፣ የመረጡበት ምክንያት ደግሞ የመሮጫው አጭርነት ሳይሆን የማቆሚያው ርዝመት ነው፣ ለመሮጥ 201 ለመቆም ከ400 በላይ አስቀርተዋል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይሄን በከባድ ዋጋ ነው የተማሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ስኮት ካሊታ የሚባል ትልቅ ሯጭ ኢንግሊሽታውን ላይ ከሞተ በኋላ የከሁሉም ፈጣኖቹን መኪኖች ውድድር ከ402 ወደ 305 ሜትር አሳጥረውታል። እዛ ሀገር ነገሩን መልክ ያስያዘው ማህበር እ.ኤ.አ. በ1951 በዋሊ ፓርክስ ነው የተመሰረተው፣ ደስ የሚለኝ ግን 1954 ላይ ያደረጉት ነው፣ አራት ሰዎች በአንድ መኪና ተጎታች አስረው ከተማ ለከተማ እየዞሩ፣ መንገድ ላይ የሚሮጡ ወጣቶችን ሰብስበው እንዴት ቦታ እንደሚዘጋ፣ መኪና እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ሰዓት እንዴት እንደሚያዝ ያስተምሩ ነበር። ጋሼን ሳይ እነሱ ናቸው ትዝ ያሉኝ፣ ተጎታች ብቻ ነው የጎደላቸው።

እዛ ሀገር ከ1963 ጀምሮ መብራት ነው የሚያስነሳው፣ ቢጫዎቹ በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ተራ በተራ ይበሩና አረንጓዴ፣ ከቀደምክ ቀይ፣ ቀይ ከበራብህ ተሸንፈሃል። እኛ ጋ መብራት የለም፣ ባንዲራ የያዘች ልጅ ነበረች። ግን አንድ ስርዓት ከነሱ ወስደዋል፣ ሁለቱም መኪኖች መስመሩ ጋ ጠጋ ብለው ይቆማሉ፣ ማንም የመጨረሻዋን እርምጃ ጎኑ ያለው ሳይዘጋጅ አይገባም። ጎንህን ታያለህ፣ እሱ አውራ ጣቱን ሲያሳይህ ሁለታችሁም ትገባላችሁ። አንዱ ቀድሞ ገብቶ ሌላው ገና ቀበቶ እያሰረ ከሆነ የቆመው ሞተሩ ይግላል፣ ያኛው ይቸኩላል፣ የቸኮለ ሰው ደግሞ ማርሽ ይስታል። በኛ ባህል ይሄ ነገር በር ላይ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" "ኧረ በፍጹም እርስዎ" የምንባባለው ነው በቃ፣ የመጀመሪያ ሩጫዬ ላይ ከቮልሱ ጋር ሁለታችንም አንገባም ብለን አንድ ደቂቃ ያህል እጅ ስንወዛወዝ ባንዲራ የያዘችው ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አደባባይ ላይ አፍንጫውን ሸጎጥ ሸጎጥ የሚያደርግ ህዝብ እዚህ ሲመጣ እንዲህ ይሆናል፣ አይገርምም?

ቮልሱ አሸነፈኝ። አዎ። ካርቡሬተሬ ነው፣ ባንዲራው ሲወርድ አመነታች። ጋሼ ትንሽ ነገር አዙረው ሲያስተካክሉልኝ ሁለተኛው ላይ ላዳውን አሸነፍኩ፣ ሶስተኛው ላይ ግን አንዲት ቪትዝ የምትነዳ ልጅ፣ ፋርማሲ ነው የምትሰራው፣ አይኔ እያየ ጥላኝ ሄደች። ከሷ ጋር ስሮጥ ነው ነፋሱ የመጣው፣ ከቀኝ በኩል ገፋ ሲያደርገኝ መሪዬ ወደሷ መስመር ዞር ማለት ጀመረ። ቀድመው ነግረውኛል፣ መሃል መስመሩን ልትነካ ከሆነ እግርህን አንሳ፣ አትከራከር። አነሳሁ። ሩጫው አለቀ ለኔ። መጨረሻ ላይ ሌላም ደንብ አለ፣ መውጫው በግራ ስለሆነ የቀኝ መስመር ላይ ያለው ሰው የግራው ወጥቶ እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ ፊቱ ቆርጦ አይገባም፣ ምክንያቱም ያኛው ፍሬን አልያዝ ብሎት እየመጣ ሊሆን ይችላል፣ አንተ በምን ታውቃለህ። እሷ ግራ ነበረች፣ ስትወጣ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ "መሪህ ታሞ ነው ወይስ ነፋሱ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፣ ነፋሱ ነው አልኳት፣ ሄዳ ለጋሼ ነገረች፣ እና ቀላል መኪኖች ነፋሱ ጋብ እስኪል ይቁሙ ተባለ። ስታሸንፈኝ ያልተሰማኝ ነገር ያኔ ተሰማኝ፣ ልጅቷ ኋላዋ የመጣውን ሰው እያየች ነበር ማለት ነው።

አንድ ልጅ ደግሞ ነበር፣ ጎማ አቃጥሎ ጭስ በጭስ ማድረግ የሚወድ፣ ስልክ ይዘው የሚቀርፁት ጓደኞቹ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመው። ጎማ ማሞቅ በራሱ ስራ አለው፣ የእሽቅድምድም ጎማ ሲግል ይይዛል፣ የመንገድ ጎማ ግን ይሄን ያህል አይጠቅመውም፣ ለቪዲዮ ነው። ሁለቴ ተነገረው። ሶስተኛ ጊዜ ቁልፉን እንኳን አልጠየቁትም፣ ባንዲራ የያዘችው ልጅ ባንዲራውን ጠቅልላ ብብቷ ስር አደረገችው፣ እሱ መስመር ላይ ሆኖ ሞተር ያጓራል፣ ማንም አያስነሳውም። ቆይቶ ራሱ ወጣ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

አምስተኛው ሩጫ ላይ፣ መጨረሻው ጋ ልደርስ ስል የሆነ ሽታ ሸተተኝ፣ የተቃጠለ ዘይት። ትክክለኛው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ወዲያው ወደ ጥግ ወጥቶ ሞተር አጥፍቶ እዛው መቆም፣ አራቱንም ፍሬቻ ማብራት፣ መጥተው እስኪያዩህ። ጠዋት ተነግሮናል፣ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ምን አደረግኩ፣ አፈርኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ መሃል ሜዳ ላይ ተበላሽታ ልትቆም? በመመለሻው በኩል ቀስ እያልኩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው፣ እስከ መነሻው ድረስ ነዳኋት። ስደርስ ሰዎች ከኋላዬ እያዩ ነው። ዞሬ አየሁ። ከማቆሚያው ጀምሮ እስከ እግሬ ድረስ፣ ጠብ ጠብ ያለ ጥቁር መስመር፣ አንዳንዱ ቦታ ሳህን የሚያህል። የዘይት ማጣሪያው ማሸጊያ ነው የለቀቀው፣ ከሩጫው መስመር ላይም ሰላሳ ሜትር ያህል ነክቷል።

ቁሙ ተባለ። ሁሉም ሞተር ጠፋ፣ ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው። የሚሰድበኝ ሰው ጠበቅኩ፣ ማለት እኔ በነሱ ቦታ ብሆን እሳደብ ነበር፣ ሰው ስራ ፈቶ ከሞጆ ከወንጂ መጥቷል። ጋሼ ከፒካፕ ላይ አንድ ማዳበሪያ ሰጋቱራ አወረዱ፣ ተሸክመውት ሄደው ራሳቸው ቁጭ ብለው በእፍኝ በእፍኝ መበተን ጀመሩ፣ በነፋሱ በኩል ጀርባቸውን ሰጥተው ዱቄቱ እንዳይበንባቸው። የቪትዟ ልጅ መጥረጊያ ይዛ መጣች። ባለ ቮልሱ መጣ። ሰጋቱራው ዘይቱን ሲጠጣ መጀመሪያ ቡና ይመስላል፣ ከዛ ጭቃ ይሆናል፣ ያንን ትጠርጋለህ፣ እንደገና ትበትናለህ፣ እንደገና ትጠርጋለህ፣ መጨረሻ ላይ በዱቄት ሳሙናና በውሃ። ተንበርክኬ በ41 ጫማ አርባ ደቂቃ ጠረግኩ። ውሃ ሲያንሰን ባለ ባጃጁ ልጅ ሄዶ ሁለት ጄሪካን አመጣ።

እየጠረግን ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ሽታውን የት ጋ ነው የሰማኸው?"

"ሳልጨርስ ጋሼ። መጨረሻው ጋ ልደርስ ስል።"

"እና ለምን አልቆምክም?"

አፈርኩ አልኳቸው።

"አሁንስ?" አሉኝ፣ ያንን ሁሉ ሰው በአገጫቸው እያሳዩኝ።

በነገራችን ላይ ራዲያተሬ የለቀቀ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፣ ውጪ ሀገር ሩጫ ሜዳ ላይ ራዲያተር ውስጥ ኩላንት (የተዘጋጀ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ማድረግ ብዙ ቦታ ክልክል ነው፣ ሲፈስ ያንሸራትታል፣ ንጹህ ውሃ ነው የሚፈቀደው፣ እኛ ደግሞ ከድሮም ከቧንቧ የቀዳነውን ነው የምንሞላው፣ አንዴ እንኳን ድህነታችን ደንብ ሆኖ ተገኘ። ዘይት ግን ዘይት ነው።

ማሸጊያውን እዛው ቀየሩልኝ፣ ዘይት ሞሉ፣ ሁለት ቦታ ጨርቅ ጠምጥመው አስነሱና አዩት፣ ደረቅ ነው። ስንት ልክፈል ስላቸው ሳቁ። "ብር አይደለም የምፈልገው፣ ማዳበሪያዬን ባዶ አድርገህብኛል" አሉኝ።

ማታ 80 ይዤ ነው የተመለስኩት፣ ሞጆ ጋ ወርጄ ከስር አየሁ፣ ቢሾፍቱ ጋ ደግሜ አየሁ። ሰኞ ከስራ ስወጣ ሰፈራችን ያለው አናጢ ጋ ሄጄ ሰጋቱራ ስጠኝ አልኩት፣ "ዶሮ ጀመርክ እንዴ?" አለኝ። ሁለት ማዳበሪያ ሞላልኝ። አንዱ ለጋሼ ነው፣ አንዱ ዲኤክሷ የኋላ ኮፈን ውስጥ አለ፣ መኪናዋ ሙሉ ጥድ ጥድ ትሸታለች። የባለ ባጃጁን ጫማም አጥቤዋለሁ፣ የዘይቱ ጥቁር ግን ከሶሉ አልለቀቀም፣ ለመጪው አዲስ 41 ገዝቼለት እሄዳለሁ።