ዕድራችን ወደ አዲሱ ዘመን የገባበት ሌሊት

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተነሳ እኔን የሚያስቆመኝ የለም። ታክሲ ውስጥም አወራለሁ፣ ለቅሶ ቤትም አወራለሁ። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ ከፊል አካሏ ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፋ ሲባል፣ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የኛው አገር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት፣ የአይኮግ ላብስ ልጆች የሠሩባት ናት እኮ!

ከዚያ የጠየቁትን በጽሑፍ የሚመልሰው ቻትጂፒቲ መጣ። የተለቀቀው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ነው። ቀኑን ወደ እኛ መልሼ ሳየው ኅዳር 21 ሆኖ አገኘሁት። ኅዳር ጽዮን! ለእናቴ ነገርኳት። "በዕለቷ የመጣ ነገር ምን እንከን ይወጣለታል?" አለች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ላይ አፍጥጬ ብታየኝ አትቆጣም።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ አድርጎ የመረጠው።

ዕድራችን ለቀብር ሲሆን አንደኛ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉም በሰዓቱ ከች ይላል። ስብሰባ ሲጠራ ግን ሰው የለም። ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶ አያውቅም። ማስታወቂያ በር ላይ ይለጠፋል፣ ዝናብ ያወርደዋል። ጡሩምባ ነፊው አባባ ደግሞ ለስብሰባ አልነፋም ብለዋል። "ለወሬ ከነፋሁላችሁ፣ ሰው ሲሞት ማን ይወጣልኛል?" ነው መልሳቸው። እውነት አላቸው።

የዕድሩን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ሰው በእጁ የማይነካው፣ በራሱ የሚጠራ ቦት አሰኘኝ። ኮድ ጽፌ አላውቅም። ቁጭ ብዬ ለቻትጂፒቲ በአማርኛ ጻፍኩለት፦ "እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የዕድራችንን አባላት ለስብሰባ የሚጠራ የቴሌግራም ቦት ሥራልኝ። መልእክቱንም አንተው ጻፈው። ጠንከር ይበል።"

ቡናው ቶና ሳይደርስ ኮዱ አለቀ። የቱን እንደምጫን፣ የቱን የት እንደምለጥፍ አንድ በአንድ ነገረኝ። ሞከርኩት፣ ሠራ! ቤቱን በእልልታ አናወጥኩት። ታናሽ ወንድሜ ከሶፋው ቀና አለና፣ "እሁድ ጠዋት ራስህ 'ኑ' ብለህ ብትልክላቸው አይቀልም ነበር?" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው መኪና ሲመጣም "በቅሎዋ ምን ሆነች?" ነበር የሚለው።

ለጡሩምባ ነፊው አባባም አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይሄ ነገር እንዴት አድርጎ ነው የሚያስበው?"

"ብዙ ጽሑፍ አንብቧል አባባ። ከዚያ ከቃል ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ይጽፋል።"

"ይገምታል?"

"በጣም አሪፍ አድርጎ ነው የሚገምተው።"

"እኔ ማን እንደሞተ ሳላጣራ ነፍቼ አላውቅም" አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

ቦቱ እንዲሠራ ላፕቶፑ ክፍት ማደር ነበረበት። ቅዳሜ ማታ ቻርጀር ሰካሁና ተኛሁ። በየሳምንቱ የምትጠፋው መብራት ያን ዕለት ሌሊት፣ ያን ዕለት ብቻ፣ ብልጭ እንኳ ሳትል አደረች።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መልእክቱ ወጣ። ቃል በቃል ይኸው፦ "የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ ሰዓቱ ደርሷል። በዚህ አስፈላጊ ወቅት አንድነታችንን የምናሳይበት ጊዜ ነው። ሳትዘገዩ በዕድሩ አዳራሽ ተገኙ።" መጨረሻው ላይ ሁለት የተጋጠሙ እጆችና አንድ የሚበራ ሻማ አስቀምጧል። ሻማውን ማን እንዳዘዘው ፈጣሪ ይወቅ።

በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ተኝቷል። የፊት ለፊታችን እማማ ግን ለቅዳሴ ተነስተው ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። የልጅ ልጃቸው የሞላላቸው ስልክ ጮኸ። ሻማዋን አዩ። "ኡኡኡ!" አሉ።

ከዚያ በኋላ ቴሌግራም አላስፈለገም። ውሻው ጮኸ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጋቢው ተለበሰ። ከእንቅልፌ ስባንን ወንዶቹ ድንኳን ሊያወጡ የመጋዘኑን ቁልፍ እየፈለጉ ነበር። ሁሉም "ማነው? ማነው?" ይላል፤ የሚመልስ የለም። አንዱ ብልህ፣ "ያልወጣውን እንይ" አለ። ተቆጠረ። ያልወጣው ሰብሳቢው ነው።

ሰብሳቢው ደግሞ ሰሞኑን ጉንፋን ይዟቸው ነበር። አለቀ። ሰፈሩ እያለቀሰ ወደ በራቸው ነጎደ። እማማ ከፊት ሆነው፣ "የድሃ አባት! መዝገቡ ንጹሕ!" እያሉ ያወርዱታል። ሰብሳቢው በፒጃማ በሩን ከፍተው ወጡ። ሕዝቡን አዩና ደነገጡ። ከዚያ እሳቸውም ራሳቸውን ይዘው፣ "እኔን! ማን ሞተብን?" ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

ለማስረዳት አሥር ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ የሚሰማኝ አላገኘሁም። ግርግሩ መሃል ቆሜ ስልኬን አወጣሁና ጠየቅኩት፦ "ጠዋት 3 ሰዓት አላልኩህም?" ወዲያው መለሰ፦ "ልክ ነህ! በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ፣ የጠዋቱ 3 ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት ነው። ቦቱ ግን የላከው በዓለም አቀፉ 3 ሰዓት፣ በእናንተ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ለተፈጠረው መደናገር ይቅርታ እጠይቃለሁ።" ቀጥሎ ለአባላቱ የይቅርታ ደብዳቤ ላርቅቅ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ጡሩምባ ነፊው አባባ በትከሻዬ በኩል እያነበቡ ነበር። "አውቆ ነዋ እንዴ!" አሉ።

እኔ እንኳ ብዙም አልፈረድኩበትም። ካነበበው ጽሑፍ አብዛኛው 3 ሰዓትን ሌሊት የሚያደርግ ሕዝብ የጻፈው ነው። ይህንን ለሕዝቡ ላስረዳ ስል ወንድሜ በክንዴ ጎተተኝ።

ነገሩ ሲገባቸው የሚስቅ ሳቀ፣ የሚራገም ተራገመ። እማማ "ሙሾዬን መልሱልኝ" አሉ። ሰብሳቢው ግን ዝም ብለው ሰው ይቆጥሩ ነበር። አንድ ጊዜ ቆጠሩ፣ ደገሙ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ወገኖቼ፣ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል" አሉ።

እዚያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ በጋቢና በፒጃማ፣ ስብሰባው ተካሄደ። ብርዱ ስለነበር ማንም ንግግር አላስረዘመም። ለዓመታት ሲንከባለል የነበረው የወርኃዊ መዋጮ ጉዳይ በአንድ ድምፅ አለፈ። የጡሩምባ ነፊው ክፍያም ተጨመረ። ያልተገኘ ይቀጣል ተባለ። እናም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ልክ በሰዓቱ፣ ፊታቸውን ታጥበው አዳራሹ በር ላይ የደረሱት ጥቂት ምስኪኖች የቅጣት ደረሰኝ ተቆረጠላቸው።

ሰው ሲበተን አባባ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ያ ነገርህ ለሚቀጥለው ዓመትም እንደዚሁ ይገምትልኝ" አሉኝ።