የድሮ ሲማችሁን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት

አራት ኪሎ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ትንሽ የኅትመት ሱቅ አለችኝ። ደንበኛ የሰርግ ካርዱን በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እኔ አስተካክዬ አትማለሁ። ዳታ ከሌለ ሥራ የለም።

ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረበት ከመስከረም 2015 ጀምሮ ልሞክር ልሞክር እያልኩ ቆየሁ። ያዘገየኝ ወሬ ነው። ጥቅምት 2017 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሕዝብ ለሽያጭ ሲያቀርብ ሱቄ የገባ ሰው ሁሉ የየራሱን ይል ነበር። «ሁለቱ ሊዋሃዱ ነው»፣ «የሳፋሪኮሙ 07 ይቀራል»፣ «የቴሌው 09 ይቀየራል»። እኔም የማን ድርሻ የት እንዳለ ሳነብ ሳምንታት አቃጠልኩ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሲቋቋምም የሽርክና ነው፤ የኬንያው ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም ተባብረው በ2013 ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር አገኙ። ይህን ሁሉ ማወቄ ለሱቄ ምንም አልፈየደም። አክሲዮን ተሸጠ ማለት ድርጅቱ ከሌላው ጋር ተዋሃደ ማለት አይደለም። ያኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ!

ምርጫው ራሱ ቀላል ነበር። መታወቂያዬን ይዤ 07 አወጣሁ፣ ባለ ሁለት ሲም ስልኬ ላይ ከ09 ጎን አስገባሁት፣ አንድ ወር ሁለቱንም ሞከርኩ። ሱቅ ውስጥ፣ ቤት፣ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በታክሲ። ፓኬጁ ለኔ ሥራ ስለተመቸኝ 07ን መረጥኩ። ለእናንተ 09 ሊሻል ይችላል። የሽፋን ካርታ አትመኑ፣ ራሳችሁ የምትውሉበት ቦታ ቆማችሁ ሞክሩ።

ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ስልኳ ከነሲሙ ጠፍቶባት ስለነበር 09ኙን ለሷ ሰጠኋት። ለደንበኞቼ አዲሱን ቁጥር ላኩ። በቃ፣ የጨረስኩ መሰለኝ።

አርብ ከሰዓት የመርካቶ ወረቀት ነጋዴ 18 ሺህ ብሩን እየጠበቀ ነው። የባንኩ መተግበሪያ የማረጋገጫ ቁጥር ጠየቀኝ። ቁጥሩ የሚሄደው ወደ 09 ነው። ደወልኩ።

«እማዬ፣ ቁጥር ያለው መልእክት ገብቶልሻል?»

«ቆይ ልጄ፣ መነጽሬን ላምጣ።»

አመጣች። አንድ፣ አራት... «ይሄ ስድስት ነው ዘጠኝ?» አነበበችልኝ፣ ጊዜው አልፎበታል። ድጋሚ። ሦስተኛው ላይ ተቆለፈብኝ። እሷ ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏት ደጋግማ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እስካሁን የሚያመኝ እሱ ነው።

የባንኩ ጥሪ ማዕከል «የትኛውም ቅርንጫፍ ይቀየርልዎታል» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሱቄ አጠገብ ያለው ቅርንጫፍ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ቀና ሳትል «የከፈትክበት ሂድ» አለችኝ። የከፈትኩት ፒያሳ ነው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ቅርንጫፉ ሌላ ቦታ ገብቷል፣ ጠያይቄ ስደርስ ተዘግቷል። ሰኞ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። «ሲስተም የለም።» እስከ 6 ሰዓት ተቀመጥኩ። ማክሰኞ ሲስተሙ መጣ፣ ቅጽ ሞላሁ፣ «ፊርማህ አይመሳሰልም» ተባልኩ። ሂሳቡን የከፈትኩት ተማሪ እያለሁ ነው! ፋይዳዬ ፊታቸው አለ፣ ፎቶዬ ሲስተሙ ላይ አለ፣ እኔ ራሴ ቆሜያለሁ፣ እነሱ ግን ከ11 ዓመት በፊት የጫርኳትን ፊርማ ነው የሚፈልጉት። ወረቀት ሰጥተውኝ አምስት ጊዜ አስፈረሙኝ። ከዚያ የሚያጸድቁት ኃላፊ ስብሰባ ገቡ። ረቡዕ ከሰዓት ተቀየረ።

ወረቀቱ ለሌላ ሰው ተሽጧል። የሰርግ ካርድ ያዘዘችኝ ሙሽራ ወንድም በየቀኑ ሱቅ እየመጣ ይቆም ነበር። ከሌላ ነጋዴ በውድ ገዝቼ ሌሊት አተምኩ፣ ትርፉ ሁሉ እዚያ ቀረ።

ስለዚህ ቁጥር ከመቀየራችሁ በፊት መጀመሪያ ባንክ ሂዱ። የጥሪ ማዕከሉ የፈለገውን ይበል፣ የከፈታችሁበት ቅርንጫፍ፣ ከ3 ሰዓት በፊት፣ ፋይዳና ደብተር ይዛችሁ። የድሮ ፊርማችሁን አስታውሱ። ቴሌብር ላይ ያለውን ገንዘብ አውጡ፣ ቴሌግራም ላይ ቁጥሩን ቀይሩ። ሲም ለዘመድ መስጠት ደግነት ነው ይባላል፤ እኔ ግን አዲስ ግዙላቸው ነው የምለው።

ለእናቴ በራሷ ስም አወጣሁላት። 09ኙ ስልኬ ውስጥ ተመልሷል፣ በየወሩ ትንሽ ካርድ እሞላበታለሁ።