በመስኮቱ ላይ የቀረው የስኳር ውኃ

ጅማ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ በቴክኒሺያንነት ስሠራ፣ የቡና ፍሬ በስታ የምትገባውንና እዚያው የምትራባውን ትንሽ ጥንዚዛ በአር ኤን ኤ (በሕዋስ ውስጥ የዘረመልን መልእክት በሚያደርሰው ሞለኪውል) ለመከላከል በሚደረግ ሙከራ ላይ ተመድቤ ነበር። ለጥንዚዛዋ የሚያስፈልግ ፕሮቲን የሚሠራበትን የዘረመል መልእክት የሚመስል ባለ ሁለት ክር አር ኤን ኤ በስኳር ውኃ በጥብጠን እንመግባታለን፤ በሕዋሷ ውስጥ ያለው ዳይሰር የተባለ ኢንዛይም ክሩን 21 ፊደል (ክሩ የተገነባባቸው አሃዶች) ገደማ ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከትፈዋል፣ እነዚህም ተመሳሳዩን መልእክት አግኝተው ያስቆርጡታል። (ፍሬው ውስጥ ለተደበቀች ጥንዚዛ ይህንን እንዴት እናደርሳለን የሚለው ጥያቄ፣ በእኔ እምነት፣ ከቤተ ሙከራው ሥራ ሁሉ ይከብዳል።)

አንድ ዓርብ ማታ የተረፈውን ስኳር ውኃ በሳህን ሳልከድን መስኮቱ ላይ ትቼ ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ስመለስ ሳህኑ ደርቆ ነበር፤ ጠርዙ ላይ የቀረውን ቅርፊት ሁለት ንቦች ይልሱታል። ከአጥሩ ማዶ ያሉት አዛውንት ጎረቤታችን ቀፎ እንዳላቸው አውቃለሁ። ሳህኑን አጥቤ ዝም ማለት ይቀለኝ ነበር፤ ሆኖም ለኃላፊያችን ነገርኳት።

«ለጥንዚዛዋ የተሠራ ስለሆነ ንብን አይነካም ብዬ ነው፣ ዶክተር» አልኳት።

«ከንብ ዘረመል ጋር አስተያይተኸዋል?»

አላስተያየሁም። እሷም እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አስታወሰችኝ፦ ንብ የበላችው ባለ ሁለት ክር አር ኤን ኤ ከሆዷ ወደ ደሟ፣ ከዚያም እጮች ወደሚመገቡት ወተት መሰል ምግብ ያልፋል፤ ስለዚህ አንዷ የላሰችው ለሌላዋ፣ ገና እጭ ለሆነችው ሳይቀር፣ ሊደርስ ይችላል። ነገሩ መርዝ የመሆን አለመሆን ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

የዚያኑ ዕለት የአር ኤን ኤውን የፊደል ቅደም ተከተል ከንብ ጂኖም (ከሙሉ ዘረመሏ) ጋር አመሳከርን፤ 21 ፊደል ያህል በተከታታይ የሚገጥም አንድም ቦታ አልተገኘም። እፎይ ብልም፣ ማመሳከሩ ከመመገቡ በፊት መቅደም እንደነበረበት ለመካድ አልደፈርኩም።

ከሰዓት በኋላ ለጎረቤታችን ሄጄ የሆነውን አስረዳኋቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ ንብ የቀመሰችውን ለብቻዋ ይዛ አትቀርም፤ ይህንንስ እኛም እናውቃለን» ብለው፣ ቀፎውን በጭስ ከፍተው እጮቹን አሳዩኝ፤ ነጭና ወፍራም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተረፈው ስኳር ውኃ መጠኑ በመዝገብ ይጻፋል፣ በበረኪና ይደፋል፤ መስኮቱም ወንፊት ተገጥሞለታል።