የአባባ ሦስተኛ መርፌ

ዛሬ አባባን ለሦስተኛው መርፌ ይዣቸው ሄድኩ። ከሂርማታ ባጃጅ ይዘን ዝናቡ ሳይጀምር ደረስን። ጎሰረሊን ይባላል፤ በየ28 ቀኑ ሆዳቸው ላይ ከቆዳ ሥር የምትቀበር፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ መድኃኒት ናት። የፕሮስቴት ካንሰሩ አጥንታቸው ድረስ ስለደረሰ በቀዶ ጥገና አይወጣም ተብለናል። ካንሰሩን የሚያሳድገው ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ነው፤ መርፌው ምንጩን ያደርቅበታል። ሆርሞኑ ከመውረዱ በፊት መጀመሪያ ሰሞን ስለሚጨምር፣ ቢካሉታማይድ የሚባል ኪኒን ቀድመው አስጀምረዋቸው ነበር።

ከባዱ የመርፌው ሌላው ጎን ነው። ሌሊት ድንገት ሰውነታቸው ይግላል፣ አንሶላው በላብ ይርሳል። ዛሬ ወረፋ ስንጠብቅ፣ ፊቴን ሳያዩ «ልጄ፣ ወንድነቴን ወሰደብኝ እኮ» አሉኝ። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ለልጃቸው የሚናገሩ ሰው አይደሉም። የምለው ጠፋኝ፤ እጃቸውን ያዝኩ። (የዘገየነውም በዝምታ ነው። ሽንት ሲያስቸግራቸው ሁለት ዓመት ደብቀውናል። አባት ያላችሁ ጠይቁ፣ እባካችሁ።)

የካንሰሩን ሁኔታ የሚጠቁመው የደም ምርመራ ቁጥር፣ ፒኤስኤው፣ ከ140 ወደ 9 ወርዷል። ቤት ስንገባ እማዬ ቡና አፍልታ ጠበቀችን። አቦሉን ጠጥተው፣ ቶናውን ራሳቸው ጠየቁ።