ባሌ፣ ዲንሾና ሳነቲ

ዛሬ ባሌ ተራሮች ፓርክ ዋልን። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘኖች ሰው አጠገባቸው እያለ ተረጋግተው ሲግጡ አየን። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ከፓርኩ ውጭ ባሉት የአደን ቀበሌዎች የውጭ አዳኞች ለአንድ ወንድ አጋዘን ብዙ ዶላር ይከፍላሉ። ገንዘቡ ጫካውን ለሚጠብቀው ገበሬ በትክክል ከደረሰ አልቃወምም። ለእኔ ግን ያ የተጠማዘዘ ቀንድ የሚያምረው በሕይወት ባለው አጋዘን ራስ ላይ ነው።

ከዚያ ሳነቲ ወጣን። ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ቀይ ቀበሮዋን አገኘናት! አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ አድብታ፣ ጆሮዋን ቀስራ። እንባዬ መጣ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም። በብዛት የሚጨርሳቸው ጥይት ሳይሆን ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሾቹን እየዞሩ የሚከትቡትን ባለሙያዎች እግዜር ይስጣቸው።

ነገ ዌብ ወንዝ ላይ መንጠቆ እንጥላለን። ትራውት አሳ አለበት፣ ድሮ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ። አብሮን መምጣት የሚፈልግ ካለ ውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ መኪናው ላይ ቦታ አለ።