ትልቁ ቱርቦ

ዛሬ ድሬዳዋ ሳቢያን ጋራዥ ገብቼ ለመኪናዬ ከዱባይ በሰው ያስመጣሁትን ቱርቦ (በሞተሩ ጭስ እየዞረ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋውን ዕቃ) በኩራት አወጣሁት። መካኒኩ ዝም ብሎ ሻፍቱን፣ መሃሉ ላይ የሚዞረውን ዘንግ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ጎን ነቅነቅ፣ ከዛ ገፋ ሳብ። «ወደ ጎን ትንሽ ቢጫወት ክፍተቱን ዘይቱ ይሞላዋል፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ከተንቀሳቀሰ ነው አለቀለት የሚባለው፣ ያንተ ደህና ነው፣ ግን አቦ ይሄ ለ1300 ሲሲ ሞተር ነው?» የሞተሩ ፒስተንም ካምሻፍትም ተቀይሯል እኮ ብዬ ልከራከር ስል «ተርባይኑ፣ ጭሱ የሚያዞረው ጎማ፣ ትልቅ ነው፣ የዚህች ሞተር ጭስ ቶሎ አያዞረውም፣ የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ቱርቦው እስኪነቃ ባጃጅ ቀድሞህ ሐረር ይገባል» አለኝ፣ ጋራዡ በሙሉ ሳቀብኝ። እውነቱን ለመናገር የመረጥኩት በሞተሩ ልክ ሳይሆን በፎቶው ነው፣ ሰርግ ስንደግስስ እንዲሁ አይደለን እንዴ። ለማንኛውም አነስ ባለ የሚቀይረኝ ካለ ኢንቦክስ፣ እናቴ «ይሄን የብረት ቀንድ አውጣ ከሳሎኔ አንሳልኝ» ብላለች።